ሕክምናው ከቤት ገበታ ይጀምራል

እስራኤል ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናት ስለ ልጆች ውፍረት የምናስበውን ብዙ ነገር ጥያቄ ውስጥ ያስገባል። ሞሪያ ጎላን የተባሉ የሥነ ምግብ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 11 ዓመት የሆነ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ 60 ልጆችን በሁለት ቡድን ከፈሏቸው። የአንደኛው ቡድን ልጆች ራሳቸው ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር 30 ጊዜ እየተገናኙ ምን መብላት፣ ምን መተው እንዳለባቸው ተማሩ። የሁለተኛው ቡድን ልጆች ግን አንድም ቀን አልተጠሩም፤ ወላጆቻቸው ብቻ 14 ጊዜ ሄደው የቤታቸውን የአመጋገብ ሥርዓት እንዴት እንደሚለውጡ ተመካከሩ። ውጤቱ በ1998 ታተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በራሳቸው የተማሩት ልጆች ከመደበኛው በላይ የነበረው ክብደታቸው በአማካይ 8.1 በመቶ ሲቀንስ፣ ባለሙያ ፊት ቀርበው የማያውቁት ልጆች 14.6 በመቶ ቀነሱ። ከ7 ዓመት በኋላም ልጆቹ ሲታዩ ልዩነቱ አልጠፋም፤ በወላጆቻቸው በኩል የታከሙት 29 በመቶ፣ ራሳቸው የተማሩት 20.2 በመቶ ቀንሰው ተገኙ።

ከምግብና ከክብደት ጋር ለተያያዘ የወጣቶች ችግር ፍሬ ያሳየው የባህርይ ሕክምና ትልቁን ሥራ የሚሠራው ልጁ በሚበላበት ቤት ነው። ይህ ልጁ ከልክ በላይ ቢወፍርም፣ በተቃራኒው ምግብ እምቢ ብሎ ቢከሳም እውነት ነው። የባህርይ ሕክምና ሲባል የልጁን ያለፈ ታሪክ ከመቆፈር ይልቅ ዛሬ የሚያደርገውን ማየት፣ ከድርጊቱ በፊት ምን እንደሚቀድምና በኋላ ምን እንደሚከተል መመዝገብ፣ ከዚያም ሊለወጥ የሚችለውን መርጦ መለወጥ ነው። አንድ የ10 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ተርቦ ይመጣል እንበል። ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው የለም፤ ጠረጴዛው ላይ ብስኩት አለ፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ለስላሳ አለ፤ ቴሌቪዥኑም ተከፍቷል። ራት እስኪደርስ ብስኩቱ ያልቃል። ልጁን «ሆዳም» ብሎ መስደብ ከነዚህ ነገሮች አንዱንም አይለውጥም። ብስኩቱን አለመግዛት፣ በሰዓቱ መክሰስ አዘጋጅቶ መጠበቅ፣ ሲበላ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ግን ነገሩን ከሥሩ ይለውጠዋል። እነዚህን ሦስት ነገሮች ማድረግ የሚችለውም ልጁ ሳይሆን ገበያ የሚወጣው፣ የሚያበስለውና የቤቱን ደንብ የሚያወጣው ሰው ነው።

ይህን መንገድ በውፍረት ሕክምና ቀድሞ በጥናት ያረጋገጠው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊዮናርድ ኤፕስታይን ነው። የእርሱ ዘዴ ምግብን በትራፊክ መብራት ቀለማት ይከፍላል። እንደ ልብ የሚበላው፣ በተለይም አብዛኛው አትክልት፣ አረንጓዴ ነው፤ በልክ የሚበላው ዋናው የዕለት ምግብ ቢጫ ነው፤ ስኳርና ስብ የበዛበት ደግሞ ቀይ ነው። ቀይ ምግብ ክልክል አይደለም፤ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚበላ ግን ይቆጠራል፣ ቁጥሩም ቀስ በቀስ እንዲወርድ ይደረጋል። ልጁም ወላጁም በየፊናቸው የበሉትን በደብተር ይጽፋሉ፤ በየሳምንቱ ይመዘናሉ፤ ልጁ ያሰበውን ሲፈጽም ወላጁ ያመሰግነዋል፣ ሽልማትም ይሰጠዋል። ሽልማቱ ምግብ አይደለም፤ አብሮ ኳስ መጫወት ወይም ወደሚወደው ቦታ አብሮ መሄድ ሊሆን ይችላል። ኤፕስታይን በዚህ መልክ ካከማቸው ቤተሰቦች ጋር ከ10 ዓመት በኋላ ተገናኝቶ ያገኘውን በ1990 አሳተመ። የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ትምህርቱ ለሁሉም ቡድን ተመሳሳይ ነበር፤ የተለያየው ማን ባህርዩን እንዲለውጥ ተጠየቀ የሚለው ብቻ ነው። ልጅና ወላጅ አብረው እንዲለወጡ በተጠየቁበት ቡድን የልጆቹ ትርፍ ክብደት ከ10 ዓመት በኋላ ከመነሻው በ7.5 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ልጁ ብቻ እንዲለወጥ በተጠየቀበት ቡድን በ4.5 በመቶ ጨመረ፤ ለባህርይ ለውጥ የተለየ ማበረታቻ ባልተደረገበት ቡድን ደግሞ በ14.3 በመቶ አሻቀበ።

ከዚሁ ተመራማሪ ሌላ ትምህርትም ተገኝቷል። በ1995 ባወጣው ጥናት አንዳንድ ልጆችን ስፖርት በመሥራታቸው፣ ሌሎቹን ደግሞ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጡበትን ሰዓት በመቀነሳቸው ብቻ ይሸልም ነበር። በዓመቱ የተሻለ ውጤት ያሳዩት የኋለኞቹ ሆኑ። ልጅን «ሩጥ» ብሎ ማስገደድ ሩጫን እንደ ቅጣት እንዲያየው ያደርጋል፤ ከመቀመጫው ሲነሳ ግን የሚጫወተውን ራሱ ያገኛል። እዚህም ላይ ሥራው ልጁን ከመግፋት ይልቅ በዙሪያው ያለውን ማስተካከል ሆኖ እናገኘዋለን።

አሁን ወደ ተቃራኒው ችግር እንሂድ። አኖሬክሲያ የሚባለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ የሚጀምር፣ በሴቶች ልጆች ላይ ይበልጥ የሚታይ፣ ታማሚዋ ክብደቷ በአደገኛ ሁኔታ ወርዶም ምግብን እንድትፈራ የሚያደርግ ሕመም ነው። ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ከፍተኛ የሞት መጠን ካላቸው አንዱ ነው። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ወላጆችን የሕመሙ ምክንያት አድርገው ይቆጥሩ ነበር፤ ልጅቷን ከቤተሰቧ ለይቶ ማስተኛትም የተለመደ ነበር። በ1980ዎቹ በለንደኑ የሞድዝሊ ሆስፒታል የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ ከነርሱም ክሪስቶፈር ዴርና አይቫን አይስለር፣ ነገሩን ገለበጡት። ልጅቷን የሚመግቡት ወላጆቿ ይሁኑ፣ እኛ እነርሱን እናግዝ አሉ። በ1987 የታተመው ጥናታቸው ሕመሙ 19 ዓመት ሳይሞላቸው የጀመራቸውና ከጀመራቸውም 3 ዓመት ያላለፋቸው ታማሚዎች በቤተሰብ ሕክምና የበለጠ እንደሚሻላቸው አሳየ።

ለምን ከመመገብ ይጀመራል? ምክንያቱን ከአኖሬክሲያ ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው ከአንድ የጦርነት ዘመን ሙከራ እንረዳለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃደኝነታቸው ለ24 ሳምንታት ግማሽ በግማሽ በሚሆን ቀለብ አቆያቸው። ሰዎቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ነገር ግን ያስገረመው የጠባያቸው ለውጥ ነበር፤ ቀን ከሌት ስለ ምግብ ማሰብ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ፣ ያለችውን ትንሽ ምግብ ለረጅም ጊዜ እየቆራረጡ መብላት፣ መነጫነጭ፣ ከሰው መሸሽ። አንዳንዶቹ ሙከራው ሲያልቅ እስኪታመሙ ድረስ በሉ። በአኖሬክሲያ ታማሚ ላይ እንግዳ የሚመስለን ጠባይ ብዙው የረኃቡ የራሱ ልጅ ነው ማለት ነው። የተራበ አእምሮ ደግሞ በምክር ብቻ አይረታም፤ መጀመሪያ መመገብ አለበት።

የሞድዝሊው ሕክምና ሁለተኛ ቀጠሮ ዘዴውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ባለሙያው ወላጆችን «ለተራበ ልጅ ይበቃል የምትሉትን ምግብ ይዛችሁ ኑ» ይላቸዋል፤ ቤተሰቡ በሙሉ እዚያው ክሊኒክ ውስጥ ምሳ ይበላል። ልጅቷ ምግቡን እየቆራረጠች ወደ ሳህኑ ጠርዝ ትገፋለች፤ አባት ይቆጣል፤ እናት ትለምናለች፤ ወንድም አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ባለሙያው ልጅቷን አያጎርስም፣ አይገስጽምም። አባትና እናትን በግራና በቀኟ አስቀምጦ አንድ ዓይነት ነገር፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ ያለ ቁጣና ያለ ልመና እንዲናገሩ ያግዛቸዋል። የዚያን ቀን ግቡ ትንሽ ነው፤ ልጅቷ ካሰበችው በላይ አንድ ጉርሻ እንድትበላ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ወላጆች ምን፣ ምን ያህልና መቼ እንደሚበላ ራሳቸው ይወስናሉ። ክብደቷ ሲመለስ ሥልጣኑ ቀስ በቀስ ወደ ልጅቷ ይመለሳል፤ በመጨረሻም ሕመሙ ያቋረጠባት የወጣትነት ጉዳይ፣ ጓደኝነቱ፣ ትምህርቱ፣ ራስን መቻሉ፣ ይነሳል። በአሜሪካ ጄምስ ሎክና ዳንኤል ለግራንዥ በ2010 ባወጡት ጥናት 121 ወጣቶች ነበሩ። ሕክምናው ካበቃ ከዓመት በኋላ በቤተሰብ ከታከሙት 49 በመቶው ሙሉ በሙሉ ድነዋል፤ ለብቻቸው ከባለሙያ ጋር ከተነጋገሩት 23 በመቶው። ግማሽ ያህሉ ሙሉ በሙሉ አለመዳኑ ሕመሙ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይነግረናል፤ የእጥፍ ልዩነቱ ደግሞ ወላጅ ምን ያህል አቅም እንዳለው።

በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ችግር፣ ብዙ መብላትና ከዚያ ማስመለስ፣ ቡሊሚያ ይባላል። የኦክስፎርዱ ተመራማሪ ክሪስቶፈር ፌርበርን የዚህን ሕመም ዑደት አስተካክሎ አስረድቷል። ወጣቷ ለመክሳት ስትል ቁርስና ምሳ ትዘላለች፤ ማታ ረኃቡ ሲበረታ መቆጣጠር እስኪያቅታት ትበላለች፤ ከዚያ ተሸማቅቃ ታስመልሳለች፤ በማግሥቱ ለመካስ እንደገና ምግብ ትዘላለች። ስለዚህ ሕክምናው ከሚጀመርባቸው ነገሮች አንዱ ሰው የማይጠብቀው ነው፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ ራትና መክሰስ በሰዓታቸው ሳይዘለሉ መበላት አለባቸው። የማታውን ከልክ ያለፈ መብላት የሚያቆመው ቀን ላይ መብላት ነው። እንዲህ ያለውን የምግብ ሰዓት ደግሞ የቤት ሥርዓት የሌለው ወጣት ለብቻው ማስጠበቅ ይከብደዋል።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ ዘንድ ችግሩ የሚበላ ማጣት ነው» የሚል ነው። የሚበላ ማጣቱ እውነት ነው፤ በ2019 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው በምግብ እጥረት ቀንጭረው ተገኝተዋል። አንዱ ችግር ሌላውን ግን አያስቀርም። የፊጂ ደሴት ሕዝብ ደንዳና ሰውነትንና ጥሩ የምግብ ፍላጎትን እንደ ጤናና እንደ ክብር የሚያይ ሕዝብ ነበር፤ «ተመችቶሻል» ማለት ሙገሳ ከሆነበት ከእኛ ባህል ብዙም አይርቅም። በ1995 በአንድ የሀገሪቱ ክፍል ቴሌቪዥን ገባ። ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት የሆኑት አን ቤከር በዚያው ጊዜ የትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ሲጠይቁ ለመክሳት ብላ የምታስመልስ አንድም አልተገኘችም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ 11.3 በመቶ የሚሆኑት እንደሚያስመልሱ ተናገሩ። ዛሬ የአዲስ አበባም ሆነ የዋሽንግተን ሐበሻ ልጅ ከቴሌቪዥን የበለጠ ስክሪን በኪሱ ይዞ ይዞራል።

ሌላው ጥናት ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። በጋና በሁለት ትምህርት ቤቶች 668 ሴት ተማሪዎች ተመዝነው፣ ክብደታቸው በጣም ከወረደባቸው መካከል 10ሩ ሌላ ሕመም ሳይኖራቸው ራሳቸውን በማስራብ የከሱ ሆነው ተገኙ። መወፈርን ስለ መፍራት አንዳቸውም አላነሱም፤ አለመብላታቸውን የሚያዩት በሃይማኖት መንገድ፣ እንደ ራስን መግዛት ነበር። ጾም ለአማኙ ቅዱስ ነው፣ ሕመምም አይደለም። ነገር ግን ጾሙ ካለቀ በኋላ መብላት ያልቻለች፣ በፍስክ ቀን ሰበብ የምትፈልግ፣ ራሷን የምትስት፣ የወር አበባዋ የቆመባት ልጅ ካለች፣ ነገሩ ከጾም አልፏል። የታመመ ሰው ከጾም እንዲያርፍ የክርስትናውም የእስልምናውም ሥርዓት ስለሚፈቅድ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ የንስሐ አባት ወይም የመስጊዱ ሼህ ከወላጅና ከሐኪም ጋር ቢቆሙ የሕክምናው ትልቅ አጋዥ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ ውፍረት የዘር ነው ይላል። አልበርት ስታንካርድ በ1986 ያሳተመው ጥናት በዴንማርክ በጉዲፈቻ ያደጉ 540 ሰዎችን ተመልክቶ፣ ክብደታቸው የሚመሳሰለው ከወለዷቸው እንጂ ካሳደጓቸው ወላጆች ጋር እንዳልሆነ አሳይቷል። እንዲህ ከሆነ ቤት ምን ሊፈይድ ይችላል? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆችና ወጣቶች ክብደታቸው ከልክ ያለፈው በ1990 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2022 20 በመቶ ሆኑ። የሰው ዘር በ32 ዓመት አይለወጥም፤ የተለወጠው አካባቢው ነው። ዘር የሚወስነው ያ አካባቢ ማንን ይበልጥ እንደሚጎዳ ነው። ሁለተኛ፣ የጉዲፈቻው ጥናት ያነጻጸረው ተራ ቤቶችን እርስ በርስ ነው፤ በአንድ ሀገር ያሉ ተራ ቤቶች ደግሞ ከአንድ ዓይነት ሱቅ ይገዛሉ። የኤፕስታይንና የጎላን ጥናቶች የሚያነጻጽሩት ሆን ተብሎ የተለወጠን ቤት ካልተለወጠ ጋር ነው። እንዲያውም ልጁ በዘሩ ለውፍረት የተጋለጠ ከሆነ የፈቃዱ ደካማነት ላይ ማላከክ ይበልጥ ግፍ ይሆናል፤ ቤቱን ማስተካከሉም ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ስጋት ከወላጆች ይመጣል፤ ስለ ክብደት ካነሳንባት ልጃችን ምግብ ብትተውስ? ስጋቱ መሠረት አለው። በሚኒሶታ የወጣቶችን አመጋገብ ለዓመታት የተከታተለው የዳያን ኒውማርክ ስታይነር ጥናት በ2006 እንዳሳየው፣ በራሳቸው ሥልጣን ለመክሳት ምግብ ይቀንሱ የነበሩ ወጣቶች ከ5 ዓመት በኋላ ከልክ በላይ የመወፈር ዕድላቸው ከሌሎቹ የበለጠ ነበር፤ ያለ ልክ መብላትና ሌላ የአመጋገብ መዛባትም ይበዛባቸው ነበር። በሌላ በኩል በአውስትራሊያ ሂባ ጀቤይልና ባልደረቦቿ በ2019 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ፣ በባለሙያ በሚመራ የውፍረት ሕክምና ውስጥ ያለፉ ልጆች ለአመጋገብ መዛባት ያላቸው ተጋላጭነት ሲቀንስ እንጂ ሲጨምር አላገኙም። የሚጎዳው ልጅ ለብቻው የሚያደርገው ድብቅ ረኃብና በዙሪያው የሚወረወረው ቃል ነው። እኛ ዘንድ ዘመድ በር ላይ ሳይገባ «ውይ ወፍረሻል!» ወይም «ምነው እንዲህ ከሳህ?» ማለት ሰላምታ ነው። ክፋት የለበትም፤ የ14 ዓመት ልጅ ግን እንደ ሰላምታ አይሰማውም። ስለ ሰውነቱ ከመናገር ይልቅ ቤቱ ስለሚበላው ነገር መነጋገር፣ ለውጡንም ለወፍራሙ ልጅ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ማድረግ፣ በዚህ ሕክምና ውስጥ ከጨዋነት ያለፈ ዋጋ አለው።

ተቃርኖ የሚመስል ነገርም አለ። ጤነኛ ልጅን «ብላ፣ ጨርስ» እያሉ መወትወት እንደማይጠቅም ተመራማሪዋ ኤሚ ጋሎዌይ በ2006 አሳይታለች፤ ሾርባቸውን እንዲጨርሱ የተወተወቱ ሕፃናት ካልተወተወቱት ያነሰ በሉ፣ ስለ ሾርባውም ክፉ ተናገሩ። ታዲያ የሞድዝሊ ወላጅ ለምን ይወተውታል? ልዩነቱ የልጁ የረኃብና የጥጋብ ስሜት መሥራቱ ላይ ነው። ጤነኛ ልጅ ሲጠግብ ያውቃል፤ ስለዚህ ወላጅ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ይወስን፣ መጠኑን ለልጁ ይተው። የአኖሬክሲያ ታማሚ ግን ይህ ስሜቷ በሕመሙ ተይዟል፤ እስኪመለስ ድረስ መጠኑንም ወላጅ ይወስንላታል። ሕመሙ ሲያልፍ ይህ ሥልጣን ሊቀር የሚገባውም ለዚሁ ነው።

«አሁን እኮ መድኃኒት መጥቷል» የሚልም አለ። እውነት ነው፤ ሴማግሉታይድ የተባለው በሳምንት አንዴ የሚወጋ መድኃኒት በታኅሣሥ 2022 በአሜሪካ ከ12 ዓመት ጀምሮ ለሆኑ ወፍራም ወጣቶች ተፈቅዷል። በተደረገበት ጥናት ያመጣው የክብደት መቀነስ የባህርይ ሕክምና ብቻውን ከሚያመጣው በጣም ይበልጣል፤ ውፍረቱ ጤናውን ለጎዳበት ወጣት ይህን ማቃለል ተገቢ አይደለም። ሆኖም የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ባወጣው መመሪያ መድኃኒቱ የሚሰጠው ከባህርይ ሕክምናው ጋር እንጂ በምትኩ እንዳይደለ ይላል። መድኃኒት ፍላጎትን ይቀንሳል፤ ገበታ ላይ ምን እንደሚቀርብ አይወስንም። ዋጋውም ለአብዛኛው የሀገራችን ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም፤ ራሷን ለምታስርብ ልጅ ደግሞ ፈጽሞ የማይሆን ነው።

የሚቀረው ጥያቄ የአቅም ነው። የአሜሪካው መመሪያ ለውፍረት ሕክምና ከ3 እስከ 12 ወር ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት ከባለሙያ ጋር መገናኘት ይላል። በኢትዮጵያ የሥነ ልቦናና የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ቁጥር ከሕዝቡ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለሆነ ይህን ለሁሉም ማዳረስ አይቻልም። የመንደሩ ሱቅና የትምህርት ቤቱ በርም ከወላጅ እጅ ውጭ ናቸው፤ በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጦችን ማካተቱ ሥራው የመንግሥትም እንደሆነ ያመለክታል። ነገር ግን የጥናቶቹ ትርጉም ባለሙያ ለሚጎድልበት ሀገር ይበልጥ የሚሠራ ይመስለኛል። በጎላን ጥናት የተሻለው ውጤት የመጣው በግማሽ ባነሰ ቀጠሮ፣ ወላጆችን ብቻ በማሠልጠን ነው። ያለውን ጥቂት የባለሙያ ሰዓት ልጁን ለብቻው በመምከር ከመጨረስ ለወላጆች መስጠት የበለጠ ያደርሳል፤ ይህም ጤና ጣቢያ ላይ ወላጆችን በቡድን ሰብስቦ ሊጀመር የሚችል ነው። በፍጥነት እየከሳች ራሷን ለሳተች፣ የልቧ ምት ለቀነሰ ወይም ደጋግማ ለምታስመልስ ልጅ ግን ቤት አይበቃም፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። ወላጅ የሕክምናው ዋና ሠራተኛ ነው ማለት የበሽታው ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። የሞድዝሊ ሐኪሞች ወላጆችን መውቀስ አቁመው ሥራ ሲሰጧቸው ነው ውጤት ያገኙት፤ የእኛም ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች ወላጅን ሲጠሩ ሊወቅሱት ሳይሆን ሥራውን ሊያሳዩት መሆን አለበት።